በካሴቱ መሃል የሰጠመው ድምፅ

እህትና ወንድም ከቤት እስከ ቴፕ ጠጋኙ ሱቅ አብረው ሲመጡ ስለ መንገዱ ጭቃ እንጂ ስለ ሌላ አላወሩም። እሱ ቴፑን ባንኮኒው ላይ አኖረ፤ እሷ ካሴቱን ካስቀመጠች በኋላም እጇን ከላዩ አላነሳችም።

አባታቸው በመጨረሻው ሰሞን እጃቸው መጻፍ እምቢ ስላላቸው ኑዛዜያቸውን የተናዘዙት ካሴት ላይ ነበር። ካሴቱም ቴፑም ስድስት ወር ሙሉ ባስታመማቸው በወንድሟ እጅ ቆዩ። ትናንት አብረው ሲያዳምጡ ታዲያ አባት "ቤቱን በተመለከተ" ብለው ጀመሩና ድምፃቸው ጉድጓድ እንደገባ ሰው ሰጠመ። ሲመለስ ስለ አጥሩ ነበር የሚያወሩት። ከካሴቱ ሁሉ መርጦ እዚያች ቦታ ላይ የሚበላሽ ነገር፣ እሱ ብልሽት አይደለም አለች ለባሏ።

ጠጋኙን ሰፈሩ "ጆሮው" ይለዋል፤ ቴፕ ሳይከፍት ሰምቶ ሕመሙን ያውቃል። ትንሽ አዳመጠና ድምፁ የሚጎተተው ካሴቱን የሚያዞረው ቺንጋ ስለላላ ነው አለ። ቀየረው። ክሩን የሚያነበውን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ ሲጠርገው ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አሁን አባት እንደ ራሳቸው ፈጠን ብለው ተናገሩ፤ "ቤቱን በተመለከተ" ካሉ በኋላ ግን ያው ሰጠሙ።

"ተቀድቶበት ይሆን?" አለች ወንድሟን ሳታይ።

"ማን ቀድቶበት?"

"እኔ ማንን ጠራሁ?"

ጆሮው እንዳልሰማ ሆነ። ተቀድቶበት ቢሆን የአባት ድምፅ ጭራሽ በጠፋ ነበር፤ ይኼ ከሥር ያጉረመርማል አለ። የካሴቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ እንደ ታኘከ ነገር ተጨማዷል።

"ቴፑ በልቶታል። በእስክሪብቶ አጠንጥኖ የመለሰውም አለ። እዚህች ቦታ ላይ ብቻ እያቆመ፣ እየመለሰ ደጋግሞ የሰማ ሰው ነው። በላላ ቺንጋ እንዲህ ከተደረገ መብላቱ አይቀርም።"

ወንድሟ መሬት መሬት አየ።

"የአብዬን ወደ እምዬ" አለች። "ጥፋቱ የቺንጋው ሆነና ዐረፈው።"

ጆሮው ክሩን በሁለት ለስላሳ ወረቀት መሃል አድርጎ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያለ ዳመጠው። ካሴቱን ገጥሞ አጫወተ። ድምፁ ይሻክራል፤ ቢሆንም ይሰማል።

"ቤቱን በተመለከተ፣ ለእሱ ይሁን። ደክሞልኛል ልጄ። አንቺ ጎጆ ወጥተሻል፣ አትቀየሚኝ።"

ፊቷ ጠቆረ። ይደገም አለች። ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጥፋ፣ የተቀጠለ ነገር እንዳለ ፈለገች፤ የአባቷ ትንፋሽ ግን የትም አልተቆረጠም። አሁንም ይደገም አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ራሷ ወደ ኋላ ልትመልሰው እጇን ስትሰድ ወንድሟ ያዛት።

"ተይው እትዬ። የበላውም እንዲሁ ሳደርግ ነው። አባታችን በሕይወት እያለ 'ደክመህልኛል' ብሎኝ አያውቅም።"

"ትናንት ለምን አልነገርከኝም?"

"ቤቱ የኔ ነው ብልሽ ታምኚኝ ነበር?"

ካሴቱን አውጥታ ከጀርባው ያሉትን፣ እንዲቀዳበት የሚያስችሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በፀጉር መያዣዋ ሰበረችና ሰጠችው።

"ከእንግዲህ ማንም አይቀዳበትም" አለች። "እኔም ጭምር።"

ጆሮው ይኼንንም እንዳልሰማ ሆነ።