የቀዛፊው ሚስት

ፊደል ስለማትለይ ጆሮም የሌላት መስሏቸው ነበር። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ሻዩን እየጠጣ ስለ ባሏ ሲያወራ፣ አሮጊቷን መሀላቸው እንደተቀመጠ ትራስ ነበር የቆጠሯት። ጎሚስታው እንዴት ያለ አንባቢ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፣ እጁን ታጥቦ መጽሐፍ ይይዛል። እንዲያው ከሚስቱ ጋር ምን እያወሩ ኖሩ ይሆን? ይህችን የመጨረሻዋን የጎረቤት ሴት ናት በሹክሹክታ ያለቻት፤ የሷ ሹክሹክታ ደግሞ አጥር ይዘላል።

አሮጊቷ ሰምታ ዝም አለች። ሐዘንተኛ ናት፤ ደግሞም እሷን የጠየቀ የለም።

ዝምታዋን ያስጣላት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜውን ቢሮ የጨረሰ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ እንኳ ሱሪው እንዳይጨማደድ ሳብ አድርጎ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ታብሌቱን አንስቶ ለእንግዶቹ ሊያሳይ ከፈተው። የአሮጊቷና የሟቹ ልጅ፣ ነርሷ፣ የመጽሐፍ ማንበቢያ አፕ ጭና ለአባቷ ያመጣችለት ነው። ፊደሉ የሱቅ ታፔላ አክሎ፣ ገጹ ጥቂት ቃል ብቻ ይዞ ሲያየው ሳቀ። ተበላሽቷል ብሎ ፊደሉን አሳነሰ፤ ገጾቹንም በጣቱ ወዲያና ወዲህ አሯሯጣቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ ለማስታወሻ እኔ ልውሰደው፣ ያለውን ደምስሼ የራሴን መጻሕፍት እጭንበታለሁ አላት። ልጅቷ እናቷን አየት ስታደርግ ጊዜ፣

«እትዬማ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ።

«ጣትህን አንሳ» አለችው አሮጊቷ። «መጽሐፋችን አላለቀም።»

መጽሐፋችን ስትል እንግዶቹ ተያዩ፤ እሷም ነገሩን ከሥሩ ታወራላቸው ጀመር።

ጎሚስታውን በስተርጅና የከዳው እጁ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን ፈትቶ ያወርድ የነበረ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ታብሌቱን ነካ ሲያደርገው ገጹ እየዘለለ ያመልጠዋል፤ ይናደድና ሶፋው ላይ ይወረውረዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ከእጁ ነጠቀችው። አንተ አንብብ፣ እኔ ልግፋ አለችው። ዓይኑም ደክሞ ስለነበር ፊደሉን ያተለቀችለት እሷ ናት፤ ሁለት ጣቶቿን አሳርፋ ስትከፍታቸው እንደ ውስጥ ጎማ ይለጠጥላታል።

መጀመሪያ ላይ እሱ ዝም ባለ ቁጥር ትገፋ ነበር። እሱ ደግሞ ነገሩ ሲጥመው ዝም ማለት ይወዳል። «ኧረ ቆይ ሴትዮ፣ ሰውየው ገና ወንዙን አልተሻገረም» ይላታል። ኋላ ላይ ግን አመሉን አወቀችው፤ ገጹ ሲያልቅ ምራቁን ዋጥ ያደርጋል፣ ያኔ በአውራ ጣቷ ገፋ ታደርጋለች። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ በየመሀሉ ሰነፉን ትሰድባለች፣ ሞኙን ትመክራለች፤ እሱ ስቆ ስቆ ይቀጥላል። መደርደሪያ የሚሞላ መጽሐፍ እንዲህ አድርገው ጨረሱ። የመጨረሻው ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ደከመኝ፣ ነገ እንቀጥላለን አላት። አልቀጠሉም።

ታናሽ ወንድሙ ይህን ሲሰማ ታብሌቱን ለልጅቷ አቀበላት፤ ግን ገጾቹን ሲያሯሩጥ ንባቡ የት ላይ ቆሞ እንደነበር አላስተዋለም። ቦታው ጠፍቷል።

«እማዬ፣ መጨረሻ ያነበበውን ታስታውሺያለሽ?» አለች ልጅቷ። «ቃሉን ከጻፍኩለት ራሱ ፈልጎ ያወጣዋል።»

አሮጊቷ አንገቷን አቀናች። «ቀዛፊው ጀልባውን አስሮ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ምላሷ ምላጭ ነው፤ እሷ ባትኖር ግን ይህን ሰው ወንዙ ድሮ በበላው ነበር።»

ልጅቷ ጻፈች። አልተገኘም። ሌላ ቃል ቀይራ ሞከረች፤ እሱም የለም። ያቺ የጎረቤት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ ማለቷ ነው። የአሮጊቷ ፊት ጋለ። በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ፣ ደግመሽ ፈልጊ አለቻት።

ልጅቷ «ጀልባውን አስሮ» የሚለውን ብቻ ጻፈች። መጣ። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከዚያ «ሚስት» የሚለውን ቃል ብቻውን ጽፋ ፈለገች።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እዚህ የተጻፈው ‹ቀዛፊው ጀልባውን አስሮ ባዶ ቤቱ ገባ› ነው። ሰውየው ብቸኛ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሚስት የሚባል የለም።»

አሮጊቷ ሲነበብላት የሰማችውን ሁሉ በልቧ ታገላብጥ ጀመር። ሚስቱማ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነበረች። ጎርፍ በመጣ ቀን አትወጣም ብላ ቀዛፊውን ያስቀረችው እሷ ናት፤ የወደቡን አለቃ ልክ ያስገባችውም እሷው። ከዚያ በፊት ባነበቡት መጽሐፍ፣ ነጋዴው ቤት እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ከዚያም በፊት ዳኛው ቤት። ሁሉም አፈኛ፣ ሁሉም ያሉት ልክ የሚሆን። አንድ ጊዜ፣ እነዚህ ጸሐፊዎች ሴት ያውቃሉ ብላው ነበር። ጎሚስታው ፊቱን ሳይፈታ፣ ያውቃሉ እንጂ አላት።

ይሄን ሁሉ ዓመት ጎሚስታው በየመጽሐፉ ካለው ቤት ባዶ ወንበር እየፈለገ እሷን ሲያስቀምጥ ኖሯል።

«ውሸታም» አለች። ሹመት የምትሰጠው ነበር የሚመስለው። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም፤ ይዩት ብላ ተወችው።

ታናሽ ወንድሙ ተነስቶ ከአሮጊቷ አጠገብ ያለውን ወንበር ለልጅቷ ለቀቀላት። ልጅቷ ተቀምጣ፣ ከዚህ ልቀጥል ወይ ብላ ጠየቀች።

«አንብቢ» አለቻት እናቷ። «ሚስቱን ግን እንዳታስቀሪብኝ።»