ጥቁር አህያሽን አይቼ

«ዘፈን? የወንድሜ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ?» ዳሬጃን በጥቁር ሻሽ የተጠቀለለ ራሷን ነቀነቀች። «አርባው ሳይወጣ በዚህ ቤት የሚዘፍን ካለ፣ መጀመሪያ እኔን ይቅበረኝ!»

«እትዬ ዳሬጃን፣ ለቀባሪው አያርዱ» አለች ማክቫላ። ጎንበስ ብላ ከቼሪ ዛፍ ልጥ የተጎነጎነውን የጋን መፈግፈጊያ ውሃ ውስጥ ትነክር ነበር። የሞተው ባሏ ጁምበር ነው፤ ሐዘኑን የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ነገር ግን ወይኑ ደርሷል። ከተራራው ማዶ ደመናው እየከበደ ነው፤ በረዶ ከቀደማቸው የጁምበር የመጨረሻ ወይን ጭቃ ላይ ረግፎ ይቀራል። ነገ ማለዳ መንደሩ በሙሉ ቅርጫቱን ይዞ ሊለቅምላት ቃል ገብቷል። የወይን መርገጫው ገንዳ እንጨቱ እንዲያብጥ ውሃ ተሞልቶ አድሯል። ቢላዎቹን ጁምበር ራሱ ስሏቸዋል፤ የመጨረሻውን ስሎ «ትንሽ ጋደም ልበል» እንዳለ ነው የቀረው። አሁን ያልተሰናዳው መሬት ውስጥ የተቀበረው ትልቁ ጋን ብቻ ነበር። እሱ ካልታጠበ ጭማቂው የሚገባበት የለም።

እንዲህ ያለው ጋን የሚታጠበው ሰው ገብቶበት ነው። በወይን አገሩ በካኼቲ ደግሞ ጋን ውስጥ የገባ ሰው ይዘፍናል። ደስ ብሎት አይደለም። ከታች የሚቀረው አተላ ትነቱ ሳያስታውቅ ራስን ያስታል፤ እናም ላይ ያሉት ዘፈኑ ሲቋረጥ ገመዱን ይጎትታሉ።

«እንግዲያው ላውራ» አለ ጌላ፣ የዳሬጃን ልጅ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ በጋኑ አፍ የሚያልፍ ትከሻ ያለው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ለአጎቱ ሐዘን ያሳደገው ጢም ፊቱን አልብሶታል። «ማውራት ሐዘን አያፈርስም አይደል፣ እማዬ?»

«ቁም ነገር ከሆነ አውራ።»

ወገቡን በገመድ አስረው አወረዱት።

ቁም ነገሩ ቶሎ አለቀበት። ስለ መኪናው ፍሬን አወራ። ከዚያ እስከ ባቱሚ ድረስ የሚያልፍባቸውን ከተሞች አንድ በአንድ ጠራ። የሚለው ሲጠፋው የማባዛት ሰንጠረዥ ጀመረ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች በወይን ሐረጉ ዳስ ሥር የሐዘኑን ሩዝና የበግ ሥጋ እየበሉ፣ ብርጭቆ ሳያጋጩ ለሟቹ ነፍስ ሲጠጡ፣ ከመሬት ሥር «ሰባት ጊዜ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ» የሚል ድምፅ መጣባቸው። አንዱን ሽማግሌ ትን አለው።

«ሰባት ጊዜ ስምንትስ?» ብሎ ጮኸ ሌላው።

«ሃምሳ... ሃምሳ አራት!»

«ኧረ አስተማሪዎችህ ያለቀሱት ወደው አይደለም!»

ሳቁ ማክቫላንም ያዛት። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ይህን ጊዜ ጁምበር ቢኖር ሆዱን ይዞ ይንከባለል ነበር።

ጁምበርንም ያገኘችው ከመሬት ሥር ነው። የአባቷን ጋን ሊያጥብ መጥቶ፣ እሷ ውሃ ልታቀብል ቀረብ ስትል፣ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ሰማች።

«ጥቁር አህያሽን አይቼ፣ አጥር ዘለልኩልሽ...»

«ዓይን ነው!» ብላ ጮኸችበት። «ጥቁር ዓይንሽን ነው የሚለው! ምን አህያ አመጣው?»

ከታች «ስምሽ ማን ነው?» አላት።

ከተጋቡም በኋላ በየዓመቱ መከር ሲደርስ ጋን ይገባል፣ አህያዋን ይጠራል፣ እሷም ጋኑ አፍ ላይ ተቀምጣ ታርመዋለች። መንደርተኛው «ዘንድሮም የማክቫላ አህያ መጣች» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ይህ ሰው ቃል አይያዝለትም ብላ ተስፋ ቆርጣ ሳለ፣ በጌላ ሠርግ ላይ ያንኑ ዘፈን አንድ ቃል ሳይስት ዘፈነው። ዓይን አለ። ማክቫላ ክው አለች።

«ታውቀው ኖሯል ለካ!»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ታዲያ ጋን ውስጥ ስትገባ ምን ይዞህ ነው?»

«እዚህ አጠገቤ ነሽ፣ አይሻለሁ። እዚያ ጨለማ ነው። ስትቆጪኝ አለመሄድሽን አውቃለሁ» አላት ጁምበር፣ ጥብሱን እየጎረሰ።

አሁን ግን ሰንጠረዡ ዘጠኝ ላይ ቆመ። የመፈግፈጊያውም ድምፅ ጠፋ።

«ጌላ?» አለች ዳሬጃን። «ጌላ! አንተ ልጅ!» ሻሿ ከራሷ ተንሸራቶ ወደቀ። «ምን ሆንክብኝ? ኧረ ዝፈን! ዝፈን ልጄ፣ የፈለግከውን ዝፈን!»

ጎረቤቶቹ ወደ ገመዱ ሲሮጡ ማክቫላ በደረቷ ተኝታ ራሷን ጋኑ አፍ ውስጥ አስገባች። ከቀብሩ ወዲህ ለለቅሶ ብቻ የወጣ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ጥቁር አህያሽን አይቼ፣ አጥር ዘለልኩልሽ...»

ከታች ሳል፣ ቀጥሎም ሳቅ መጣ። «አክስቴ፣ ዓይን ነው እንጂ! አንቺም እንደሱ ሆንሽ?»

«ታዲያ ለምን ድምፅህን አጠፋህ፣ አንተ ከይሲ!»

«ዘጠኝ ጊዜ ስምንትን እያሰብኩ ነበር!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዳሬጃን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ሁለቱ አልለይላት አለ። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አነሳችው፤ ልክ እንደ ወንድሟ ከቅኝት ወጥታ። ያ ቤተሰብ መቼም ድምፅ አልተሰጠውም። ጎረቤቱ ተቀበላት፣ ጌላም ከጋኑ ሆኖ ተቀበላት። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፣ ያን ትልቅ ሐዘን አንዲት አህያ ደገፈችው። መፈግፈጊያው እንደገና ሲፋተግ ተሰማ።

ጌላ ሲወጣ ከጢሙ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። እናቱ አንዴ በጥፊ፣ አንዴ በመሳም ተቀበለችውና ወደ ገበታው ይዛው ሄደች።

ማክቫላ ብቻዋን ቀረች። ከጋኑ የእርጥብ ሸክላ ሽታ ይወጣል፤ ለነገው ወይን ጸድቷል። ወደ ጨለማው ጎንበስ አለችና እንደ ድሮዋ ቆጣ ብላ፣ «ዓይን ነው፤ አህያ አይደለም» አለች።

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ የድንጋዩን ክዳን ወደ ጋኑ አፍ ስባ፣ ድምፅ የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ተወችለት።