ኳሷ የምትፈርስበት ሙቀት

ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ልጆቼ። ወሬዬ ረጅም አይደለም፤ አንዲት ተመራማሪ ከሰዓት በኋላ ሥራዋ ላይ ሆና የገጠማትን ነው የምነግራችሁ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆማ በትንሿ መስታወት አጮልቃ ታያለች። ከመስታወቱ ወዲያ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብረት በርሜል ውስጥ፣ ጥፍር የምታክል የሲሊከን ስባሪ ኤሌክትሪክ እየተላለፈባት ደም መስላ ቀልታለች። ሲሊከን ያው ከአሸዋ የሚወጣው ነው፤ ስልካችሁ ውስጥም አለ። ተመራማሪዋ በላዩ ላይ እንደ እግር ኳስ የተገጣጠሙ የካርቦን ሞለኪውሎች ታሳርፍና ታሞቃለች። ሙቀቱ ሲበረታ ኳሷ ትፈርሳለች፣ ካርቦኗም ከሲሊከኑ ጋር ይጣበቃል። በስንት ሙቀት? የልጅቱ ሥራ ይኸው ነው። ሌሎች ካሉት በጣም ባነሰ ሙቀት እንደምትፈርስ አግኝታለች። ነገ በጉባኤ ፊት ታቀርባለች፤ ከዚያ ጓዟን ጠቅልላ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ እናቷ ጉልበቷን እያመማት፣ ደረጃ ባለው ቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው።

የዛሬዋ ስባሪ ግን ምንም አላረፈባትም። ባዶዋን ነው የምታሞቃት፤ ለማመሳከሪያ ያህል።

ስልኳ ጮኸ።

"አለቀ በይኝ እስቲ" አለች እናቷ።

"እያለቀ ነው፣ እማዬ።"

"አሸዋ ስታሞቂ አረጀሽ እኮ። እኔ ዕድሜ ልኬን ሳበስል አንድም ድስት እንዲህ አላስቸገረኝም።"

"ያንቺ ድስት ቢያር ትፈቀፍቂዋለሽ።"

"ጎረቤቱ እኮ አፌዘብኝ። 'ልትመጣ ነው' ስል ከረምኩ።"

"እመጣለሁ አልኩሽ።"

ስልኩን ዘግታ ስክሪኑን አየች። ሲሊከኑ ላይ ምን እንዳለ የሚያሳየው መለኪያ መስመሩን ስሎ ጨርሷል። ካርቦን ከሲሊከን ጋር ሲጣበቅ መስመሩ ላይ የሚወጣው ጉብታ፣ በባዶዋ ላይም በዚያው ሙቀት ብቅ ብሏል። ኳስ በሌለበት የኳስ ፍርስራሽ።

ባልደረባዋ፣ ሲጣደፍ ስለሚውል "አፋጥን" የሚሉት፣ በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቶ አየው።

"ስባሪዎቹን በምንድን ነው የምታነሻቸው?"

"በወረንጦው።" ወረንጦውን አንስታ አገላበጠችው። "የማሽኑን ብረቶች የሚቀርጹልን ጋሼ፣ ጣታቸውን ስንጥር ወግቷቸው መጥተው አልነበር? በሱ ነው ያወጣሁላቸው።"

"የጋሼ እጅ የማሽን ዘይት እንደጠጣ ነው እኮ።"

"በጨርቅ ጠርጌዋለሁ።"

የዘይቱም ዋና ነገር ካርቦን ነው፣ ልጆቼ። ከወረንጦው ወደ ስባሪዎቹ፣ ከስባሪዎቹ ወደ ማቀፊያቸው እየተላለፈ በርሜሉ ውስጥ ገብቷል። ዓይን አያየውም፤ ሲሊከኑ ሲግል ነው የሚታወቀው።

"የባዶዋን ውጤት ማንም አይጠይቅሽም" አለ አፋጥን። "ደግሞ ቀደም ሲል ካገኘሽው ግማሹ ከኳሷ ሊሆን ይችላል።"

"ይችላል። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"በርሜሉ ከተከፈተ እጥበቱ፣ ማጋሉ፣ እንደገና አየሩን መምጠጡ... ከረምሽ በይኛ።"

"ከረምኩ።"

"እናትሽስ?"

ስልኳን አንስታ ደወለች።

"እማዬ፣ አልመጣም። ሥራው ተበላሽቷል።"

"ማን አበላሸው?"

"እኔ። ሳላውቅ። ነገም ለጉባኤው ይህንኑ ነው የምነግራቸው።"

"እንግዲህ ደረጃውን ቀስ እያልኩ እወጣዋለኋ" አለች እናቷ። "እራትሽን ግን ብዪ።"

ልጅቱ ኤሌክትሪኩን አጠፋች። ስባሪዋ ከቀይ ወደ ጥቁር ተለወጠች። እስክትበርድ ጠበቀች፤ አፋጥንም ለዛሬ እንኳ ሳይጣደፍ አጠገቧ ቆመ። ከዚያ የአየር ማስገቢያውን መዝጊያ ይዛ ዞር አደረገችው። አየሩ ሲር ብሎ ገባ።

አደራ ልጆቼ፣ ሥራው ተበላሸበት የተባለ ሰው ስታገኙ፣ ማንም ሳያስገድዳት ያንን መዝጊያ የከፈተችውን አስታውሱልኝ።