ወደ ግራዋ ምቺ

ኳሷ በግራ በኩል ሽው ብላ አለፈቻት። ፋይዛ ራኬቷን እስክታዞር ድረስ ኳሷ አጥሩን መትታ ነጥራለች።

"ስድስት ለሁለት፣ ፊርደውስ ትመራለች!" አለ ዳኛው።

"አያያዝሽ! አያያዝሽን አትልቀቂ!" ሙጂብ ከመስመሩ ዳር ጮኸ። "ይሄ ራኬት ነው እንጂ የባጃጅ ጋዝ አይደለም፤ ስንቴ ልንገርሽ?"

ባጃጆቻቸውን ከአጥሩ ውጭ ደርድረው ሊያዩዋት የመጡት ሹፌሮች ሳቁ። የሳቁት በአባባሉ ነው፤ ያም ሆኖ የፋይዛ ጆሮ ጋለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከከሚሴ መናኸሪያ ሰው ስታመላልስ "ሴት ልጅና ባጃጅ!" ያላትን ሁሉ አፉን ያዘጋችው በሥራዋ ነው። ዛሬ በዚች በተሰነጣጠቀች የሲሚንቶ ሜዳ ላይ መሳቂያ ልትሆን?

ዞኑን ወክላ ደሴ ለውድድር የምትሄደው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የሁለቱም ተጫዋቾች አሰልጣኝ የሆነው ሙጂብ አምና "ስታይል አላት" ብሎ ያለ ምንም ግጥሚያ የዛሬ ተጋጣሚዋን ፊርደውስን ላካት። ፊርደውስ አዲስ አበባ ስትማር ቴኒስ የለመደች የባንክ ሠራተኛ ናት። ዘንድሮ ግን ፋይዛ "ሰው በሜዳ ይለይ!" ብላ ተሟገተች፤ ቀድማ ስምንት ጨዋታ ያሸነፈች እንድትሄድ ተወሰነ።

ሰርቭ፣ ማለትም የተጋጣሚውን የመጀመሪያ ምት፣ የሚጠብቅ ሰው አያያዙን አስቀድሞ መምረጥ አለበት፤ ኳሷ በየት በኩል እንደምትመጣ አያውቅማ። የፋይዛ መዳፍ፣ እንደ ልማዱ ከተተወ፣ ጋዝ እንደሚይዝ ሁሉ ከእጀታው በላይ ነው የሚያርፈው። እንዲያ ሲይዙት በግራ የመጣችውን መመለስ ይቀላል። ሙጂብ ግን "ቴኒስ ማለት የቀኝ ምት ነው" ብሎ እጀታው ላይ ፕላስተር ጠቀለለ፣ በብዕር አሰመረበት፣ መዳፏንም በስተቀኝ አስያዛት። ሦስት ወር በዚያ መስመር ጠበቀች። እምነቷን ጥላበት ነበር። ከልምምድ በኋላም በየቀኑ በባጃጇ ቤቱ ድረስ ታደርሰው ነበር፤ ለምስጋና።

በእረፍቱ ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ጀሪካን ውሃ ሲቀዱ ፊርደውስ ጠጋ አለቻት።

"ፋይዚ፣ ወላሂ ይቅር በይኝ። ሁሌ ወደ ግራሽ መምታት እኔንም አስጠላኝ። ኮች ሙጂብ ነው እንዲህ ያስመታኝ።"

"ምን አለሽ?"

"'ወደ ግራዋ ምቺ' አለኛ። 'እጇን በቀኝ አስለምጃታለሁ፤ እስክታዞር ኳሷ ታልፋታለች።' አንቺንም መክሮሻል ብዬ እኮ ነው።"

ፋይዛ ውሃውን ሳትጠጣው ደፋችው። ደሟ ፈላ። ሜዳውን አቋርጣ ሙጂብ ፊት ቆመች።

"ወደ ግራዋ ምቺ ያልካት አንተ ነህ?"

ሙጂብ ፊሽካውን በጣቱ አሽከረከረ። "አሰልጣኝ ለሁሉም ይመክራል። ተረጋጊ እንጂ።"

"መምከርማ ምከር! የእኔን እጅ አስረህ ነው ለእሷ የምትመክረው? ሦስት ወር ሙሉ! አላህን አትፈራም?"

"አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው እያየን ነው።"

"ይየና! ሰው እንዲያይ አይደል የመጣነው?"

የባጃጆቹ ተራ አስከባሪ ጋሼ አብዶ አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "ፋይዛ፣ ተይው፣ ማሎ!" ብሎ ለመናት። "በሜዳው ንገሪው!"

ፋይዛ ያንን የተሰመረበትን ፕላስተር በጥርሷ ይዛ ላጠችው። ጠቅልላ ሙጂብ እግር ሥር ጣለችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። መዳፏን ከላይ አሳረፈች። "ቢስሚላህ።"

ፊርደውስ እንደ ለመደችው ወደ ግራ መታች። ኳሷ ግን መረቡን ተሻግራ እዚያው እግሯ ሥር ተመለሰችላት። ደግማ መታች፤ ፋይዛም ደግማ መለሰችላት። ከአጥሩ ማዶ ይሳቅ የነበረው ሳቅ ቀርቶ በእያንዳንዱ ነጥብ ክላክስ ይነፋ ጀመር። ሰባት ለሰባት ደረሱ። በመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ እኩል ሆነው አንዲት ነጥብ ቀረቻቸው፤ ሰርቩ የፊርደውስ ነው።

"ፊርደውስ፣ እጇን እዪ!" ሙጂብ ሰው እንደሚያየው ረስቶ ጮኸ። "ወደ ቀኟ! አሁን ወደ ቀኟ!"

 ማታለሉ ሲገርማት ይባስ ብሎ በአደባባይ! ፋይዛ ራኬቷን ወደ ላይ አንስታ እጇን ለሁሉም አሳየች።

"አዎ፣ የባጃጅ ነው! በፈለግሽው በኩል ምቺ!"

ኳሷ በቀኝ መጣች። መዳፏ ከላይ ወደ ጎን ለመንሸራተት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሦስት ወር ሲያዘገያት የኖረው ከጎን ወደ ላይ መውጣቱ ነበር። ያለ የሌለ ንዴቷን ጨምራ መታቻት። ኳሷ መስመሩ ላይ አቧራ አስነስታ ነጥራ አለፈች። ዳኛው ሄዶ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን አየ።

"መስመሩን ነክታለች! ስምንት ለሰባት። ፋይዛ!"

ክላክሱ ሰፈሩን አናጋው። ፊርደውስ መረቡን ዞራ መጥታ አቀፈቻት። "ይገባሻል" አለቻት፤ ዓይኗ እንባ ቋጥሯል።

ፋይዛ ባጃጇ ጋ ስትደርስ ሙጂብ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ ወንበር ተመቻችቷል።

"ማሻአላህ! አላልኩሽም? አንቺን የሚያስፈልግሽ ንዴት ነበር፤ ሆን ብዬ ነው። ለደሴው ነገ ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት እንጀምራለን። በይ አስነሺ፣ ደክሞኛል።"

ፋይዛ ቦታዋ ተቀመጠች። እጇ ጋዙን ጨበጠ። ሞተሩን ግን አላስነሳችም።

"ጋሼ አብዶ!" ብላ ተጣራች። "ተራው የማን ነው?"

"የጀሚል ባጃጅ ነው።"

ወደ ኋላ ሳትዞር፣ "ሰማህ? ውረድ" አለችው።