የዛሬው ፍርሃት

ሹሩባ የሚል ስም ያወጡላት በአንድ መጋዘን በረንዳ አብረዋት የሚያድሩት ሴቶች ናቸው። እጇ ቀልጣፋ ነው፤ የሁሉንም ጸጉር የምትሠራው እሷ ነበረች። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ለብቻዋ የተኛችን ሴት አላፊ አግዳሚው እንቅልፍ አይሰጣትም።

ጎዳና ላይ የሚያድሩትን እየዞረች የምታክም ነርስ አንድ ቀን ሹሩባን መርምራ ነጻ መሆኗን ካየች በኋላ ብልቃጥ ሙሉ ኪኒን ሰጠቻት።

«ይኼ የበሽተኛ መድኃኒት አይደለም። ኤች አይ ቪ እንዳይዝሽ የሚከላከል ነው። ኮንዶም እምቢ የሚል ቢገጥምሽ እንኳ ይጠብቅሻል። ብቻ በየቀኑ ዋጪው» አለቻት።

ሹሩባ ሳታጓድል ትውጥ ጀመር። ታዲያ አንድ ቀን ማበጠሪያ ስታወጣ ብልቃጡ ከቦርሳዋ ወደቀ። ያነሱት የበረንዳው ታላቅ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው አሮጊት ነበሩ።

«የማን ነው ልጄ?»

«የኔ ነው፣ እትዬ። እንዳልያዝ ነው የምውጠው።»

«ጤነኛ ሰው መድኃኒት ሲውጥ ደግሞ የት አየሽ?» አሉና በሁለት ጣታቸው ይዘው መለሱላት።

ከዚያ ወዲያ በሽታው አለባት ተባለና ጸጉሯን የምታሠራት ጠፋች። ካርቶኗን ዝናብ ወደሚመታው ጥግ ገፉት። እዚያ ሰካራሞች እግሯን ይጎትቱ ጀመር፤ ብትጮህ የሚነሳላት የለም። ሲብስባት ኪኒኑን ሁሉም እያዩ ቱቦ ውስጥ ደፋችው። እትዬም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ክረምቱ ሲወጣ ነርሷ መጥታ መረመረቻት። ቫይረሱ ተገኘባት።

«ኪኒኑስ?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

«ደፋሁት፣ ሲስተር። በሽታው የነገ ነው፣ ብቻዬን ማደር ግን የዛሬ ነው ብዬ።»

ነርሷ ከቦርሳዋ ሌላ ብልቃጥ አወጣች። አሁን የምትጀምረው መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚዋጥ እንደሆነ፣ ካላቋረጠችው ግን በጤና እንደምትኖር ነገረቻት።

እትዬ ከጀርባ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ነርሷ ልትሄድ ስትል እጇን ያዙ።

«ያንን መከላከያውን ለኔም ስጪኝ።»

«ለእርስዎ?»

«ሰካራሞቹ አሮጊት ናት ብለው የሚተዉኝ ይመስልሻል?» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «አሁን ገባኝ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ሹሩባ ፊቷን ሳታዞር፣ «መጀመሪያ ሰሞን ያቅለሸልሽዎታል። ምግብ ቀምሰው ይዋጡት» አለች።

እትዬ አጠገቧ ሊቀመጡ ሲሉ ግን በእጇ ከለከለቻቸው።