መቶ ሃያ በሰማንያ

ልብስ ሰፊዋ በእናቷ መታሰቢያ ላይ የምታነበውን ወረቀት ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀባት። ቃል አጥታ አይደለም። የሙያ ነገር ሆኖባት የጻፈችውን ሁሉ ጨርቅ ይመስል እዚህ ጋ ስትቀንስ፣ እዚያ ጋ ስትቆርጥ፣ መጨረሻ ላይ እጇ የቀረው ግማሽ ገጽ ነው። እሱኑ አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ሄደች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ቀድማ መናገር። ሌላው ሰው ከእሷ በኋላ የፈለገውን ይበል። ዛሬ እንኳ፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ እናቷ ዘንድ አንደኛ ትሁን።

ይህን ለምን እንደፈለገች ለማወቅ እናትየዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ሠርታለች። እረፍት ማለት ሌላ ቦታ ሄዶ መሥራት ነው ብሎ የነገራት ሰው ያለ ይመስል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በዚሁ አዳራሽ የሰፈሩን ሰው የደም ግፊት በነጻ ትለካ፣ ቁስል ታጥብ፣ የልጅ ጆሮ ታይ ነበር። ከዚህ የተረፈውን ጊዜዋን የአልጋ ቁራኛ የሆኑት ይወስዱታል። ልጇን ረሳች እንዳይባል አልረሳችም፤ አብልታ፣ አልብሳ፣ ጸጉሯን ጎንጉና ነው ያሳደገቻት። ችግሩ ጉንጉኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ በሩ መንኳኳቱ ነው። አንዱ ጎን ተጎንጉኖ፣ ሌላው ጎን እንደ ገለባ ቆሞ ትምህርት ቤት የሄደችበትን ቀን እግዜር ይቁጠረው። «እማዬ፣ እኔስ?» ስትል መልሱ ምንጊዜም አንድ ነበር።

«አንቺማ ደህና ነሽ የኔ ቆንጆ። ትንሽ ጠብቂኝ።»

ደህና መሆን እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ቆመዋል። የሲስተርን የቅዳሜ ሰልፍ ሠላሳ ዓመት ሲያስይዙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰልፍ ከደማቸው ገብቶ፣ ቤታቸው ከባለቤታቸው ጋር ሁለቱ ብቻ ሆነው ምሳ ሲቀርብ እንኳ «ተራው የማን ነው?» ይላሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

«የሲስተር ልጅ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሏት። «ግቢና ክንድሽን አስለኪ።»

«የምን ክንድ፣ አባባ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከእሷ በፊት የመጣው ስልሳ ሦስት ሰው ሁሉ መናገር ይፈልጋል፤ ሁሉም መቅደም ይፈልጋል። ዳቦ ጋጋሪውና አንድ ጡረተኛ መምህር ኮሌታ ለኮሌታ ሊያያዙ ሲሉ ዘበኛው መሀል ገብተው፣ ግድግዳው ላይ በሲስተር በራሷ እጅ የተጻፈውን አሳዩአቸው።

«አንደኛ የባሰበት ይግባ። ደህና የሆነ ይጠብቅ። የመጨረሻው ሰው ሳይታይ ማንም አይሄድም።»

ሰው ሠላሳ ዓመት ሲያነበው የኖረ ጽሑፍ ነው። ይኼ እኮ ስለ በሽታ ነው የተጻፈው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ክርክሩ ሌላ ነበር፤ ሐዘን የባሰበት በምን ይታወቃል? አንዷ በእንባ ነው አለች። ዳቦ ጋጋሪው «የኔ እንባ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ ታዲያ ሆዴን ልትቀዱት ነው?» አለ። በዚህ ጊዜ ሲስተር ያሠለጠነቻት ወጣት ነርስ ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና የግፊት መለኪያውን አወጣች።

«ይለካ» አለች። «ሲስተር ከወሬ ይልቅ ቁጥር ነበር የምታምነው።»

ሁሉም እጅጌውን ሰበሰበ። ቅዳሜ አይደል።

ዳቦ ጋጋሪው መቶ ዘጠና አምስት በመቶ አምስት ወጣለትና ሽልማት እንዳገኘ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየ። ልብስ ሰፊዋ ስትደርስ ወጣቷ ነርስ ጨርቁን ክንዷ ላይ ጠመጠመች፣ ጎማውን ጨመቅ ጨመቅ አደረገች፣ አዳመጠች። ቅር አላት። አዝናላት ሌላኛውን ክንድም ለካች።

«መቶ ሃያ በሰማንያ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንዲህ ያለ ግፊት መጽሐፍ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም።»

«ልጇ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ እህቴ። ግን ደህና ነሽ።»

ዘበኛው ካርቶን ቀደው «64» ብለው ጻፉና ሰጧት። «ሲስተር ብትኖር ምን የምትል ይመስልሻል?» አሏት። ምን እንደምትል ከማንም በላይ ታውቃለች። ከኋላዋ ግን አንድ ሰው «እናቷ ሞታ መቶ ሃያ በሰማንያ? ወይ አንጀት» ሲል ሰማች፤ ያ አንጀቷን አሳረረው።

አክስቷ፣ የሲስተር ታናሽ እህት፣ ፊት ተቀምጣለች። መቶ ሰባ ስምንት ነበረች።

«ጨው ተዪ ስትለኝ አልሰማ ብዬ፣ ይኸው ጠቀመኝ» አለች። «አሥራ አንደኛ ነኝ።»

«አክስቴ፣ ተራሽን ልቀቂልኝ። እባክሽ።»

«እሱን እንኳ አትለምኚኝ። ጥርሴን አሞኝ አስቀድሚኝ ብላት፣ የእናቴ ልጅ ሆና፣ ከኋላ ያሰለፈችኝ ሴት ናት። አጥንቷ ይወቅሰኛል።»

ልብስ ሰፊዋ በዚህ አላበቃችም። ውጪ ወጥታ አዳራሹን ሦስቴ በሩጫ ዞረችው። የሙሽራ ልብስ አሰፍተው በሠርጉ ማግስት «ጠቦኛል» ብለው የመለሱባትን ሴትዮ አሰበች። እያለከለከች መጥታ ክንዷን ዘረጋች። ወጣቷ ነርስ ግን የሲስተር ተማሪ ናት፤ በመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ቁጭ አስደረገቻት።

«መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት» አለች። «ሩጫው ተስማምቶሻል። ብትቀጥዪበት ጥሩ ነው።»

ንግግሩ ተጀመረ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ሲስተር ምድጃው አጠገብ አቁማ ብብቱ ላይ የወጣበትን እባጭ እንዳፈረጠችለትና በመሀሉ «ዳቦህ እያረረ ነው» ብላ ራሷ እንዳወጣችው ተናገረ። «እኔን እንደ ልጇ ነበር የምታየኝ» ብሎ ወደ ውስጥም ወደ ውጪም አለቀሰ። ሲጨርስ ነርሷ በልማድ ለካችው፤ ወደ መቶ ስልሳ ወርዷል። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ ይለካ ጀመር። ጡረተኛው መምህር እንደ ልጇ ነበርኩ አለ፤ በዕድሜ በስምንት ዓመት ይበልጣታል። ሁለት የአውቶቡስ ሾፌሮች እንደ ልጇ ነበርን አሉ። አክስቷ ሳትቀር «እህቴ ብቻ አልነበረችም፣ እናቴም ናት» አለችና መቶ ሃምሳ ገባች። ልብስ ሰፊዋ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆና ወንድሞቿና እህቶቿ ሲበዙ አየች። እንዲህ ያለ ቤተሰብ እንዳላት አታውቅም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የአዳራሹ ንብረት ጠባቂ ወንበር መሰብሰብ ጀመረ። ሰዓት አልቋል፣ ወንበር ይገባል፤ የእሱም ሕግ ይኸው ነው። ከኋላ ስለጀመረ መጀመሪያ የተነሣችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከዚያ ረድፍ በረድፍ ሰዉ እየተነሣ ቆመ። የሄደ ግን የለም፤ ግድግዳው ላይ «ማንም አይሄድም» ይላል። እግራቸው ያበጠ ባልቴቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ስልሳ ሁለተኛው እስኪጨርስ፣ ስልሳ ሦስተኛው እስኪጨርስ ጠበቁ።

«ስልሳ አራት» ብለው ተጣሩ ዘበኛው፣ የማን እንደሆነ እንደማያውቅ ሰው ግራ ቀኝ እያዩ።

ወጥታ ወረቀቷን ዘረጋች። እንዲህ ብላ አነበበች።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ቅዳሜ እዚህ መጥቼ ቁጥር ያዝኩ። አሥራ ሰባት ነበርኩ፤ ቁጥሩን የሰጡኝ እኚሁ አባባ ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ተራዬ ደርሶ ስገባ እናቴ ምን ልትሠሪ መጣሽ አላለችኝም። ‹ስምሽ ማን ነው?› አለችኝ፤ ነገርኳት፣ ጻፈችው። ‹ምንሽን ነው የሚያምሽ?› አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ደረቴን አዳመጠች። ጀርባዬን አዳመጠች። ምላሴን አየች። በመሀል በሩ ተንኳኳ። እኔ መነሣት ጀምሬ ነበር። እናቴ ቀና ሳትል ‹ታካሚ ይዣለሁ፤ ጠብቅ› አለች። ከዚያ ወደ ኋላ አዞረችኝና ጸጉሬን እስከ ጫፉ ጎንጉና ጨረሰችው። ካርዴ ላይ ‹ታካሚዋ ደህና ናት። በየቅዳሜው ትምጣ› ብላ ጻፈች። አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላኝ በየቅዳሜው መጣሁ። አንድም ቀን አላስቀደመችኝም። አንድም ቀን ደግሞ በእኔ ተራ በር አልከፈተችም።»

ወረቀቱ አለቀ። የሚያጨበጭብ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ።

ወጣቷ ነርስ በልማድ ጨርቁን ጠመጠመችላት። ጎማውን ጨመቀች። ደግማ ጨመቀች። ጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ አውልቃ አየችውና መልሳ ሰካችው።

«ሁለት መቶ በመቶ አሥር።»

«እስቲ ድገሚው» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ትንሽ ቅናት ይዞት።

በሌላኛው ክንድም ያው ሁለት መቶ። የቀኑ ትልቁ ቁጥር። ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዘበኛው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ በሠላሳ ዓመት ሥራቸው እንዲህ ያለ ጥፋት አጥፍተው አያውቁም።

«ሰልፉ ተበላሽቷል» አሉ። «የባሰበትን ሰው መጨረሻ አስገብተናል። እንግዲህ ከመጀመሪያው ነው።»

«ተናገርኩ እኮ አባባ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የተናገርሽው በስልሳ አራተኛነት ነው። አይቆጠርም።»

«እኔ አሥራ ሁለተኛ ሆንኩ ማለት ነው» አለች አክስቷ። ግን አላኮረፈችም፤ ውሃ አምጥታ የእህቷን ልጅ በገዛ እጇ አጠጣቻት።

ንብረት ጠባቂው ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ። «ሰዎች፣ አዳራሹ እኮ ይዘጋል። ወንበሩን በሙሉ መጋዘን አስገብቻለሁ።»

«እስቲ ክንድህን» አለችው ወጣቷ ነርስ።

መቶ ስልሳ ሁለት በዘጠና አምስት ወጣለት። ራሱም ደነገጠ። ለካ እሱንም ሲስተር አንድ ጊዜ በትኩሳት ሲቃዥ አጠገቡ ተቀምጣ አድራለች። ከመሀል አካባቢ ተራ ሰጡት። ሄዶ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ እየተሸከመ መመለስ ጀመረ፤ ሾፌሮቹ አገዙት።

ዘበኛው አዲስ ካርቶን ቀደዱ። «1» ብለው ጻፉ፤ ጽፈው አዩት፤ ጠርዙ ስላላማራቸው እንደገና አስተካክለው ቀደዱት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ተቀምጠሽ አንብቢ» አለቻት ነርሷ። «በዚህ ግፊት መቆም የለም።»

ስልሳ አራት ሰው ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወረቀቷን እንደገና ዘረጋች።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች።

በሩ ተንኳኳ። አዳራሹን ለስብሰባ የያዙት ሌሎች ሰዎች መሆን አለባቸው። እሷ እንደ ልማዷ ለመነሣት ትንሽ አሰበች። ዘበኛው ግን ቀስ ብለው ሄዱና አፋቸውን ወደ በሩ ቀዳዳ አስጠጉ።

«ታካሚ ይዘናል» አሉ። «ጠብቁ።»