የትርፌ ጎመን

ባለቤቴ ትርፌ «ጃጅቷል» ልታሰኘኝ እንደተነሳች የጠረጠርኩት ደም እንድሰጥ ስትለማመጠኝ ነው።

አሰላ ውስጥ በእኛ ሰፈር ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ደም የሚወስዱ ተመራማሪዎች መጥተው ነበር። ነርሷ ኢፍቱ ቤታችን ድረስ መጥታ አስረዳችን። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚባል ነገር አለ፤ ቀለም ቆርቆሮን ከዝገት እንደሚጠብቅ እሱም ሰውነትን ይጠብቃል ይባላል። በደማቸው ውስጥ እሱ የበዛላቸው ሰዎች ሲያረጁ የመርሳት በሽታ ይቀንስላቸው እንደሆነ ለዓመታት እየተከታተሉ ሊያጠኑ ነው። ከደሙ ሌላ ጥያቄም አለው።

«እሱ ይስጥ» አለች ትርፌ ፈጠን ብላ።

«አንቺስ?»

«እኔ መርፌ እፈራለሁ።»

በቆጂ ሳስተምር ጥርሷን ያለ ማደንዘዣ አስነቅላ በእግሯ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ናት እኮ! ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር። ልጃችን ባይሳ «ቤቱን ሸጣችሁ ሁሩታ እኔ ጋ ግቡ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ደግሞ በቁሜ ቤቴ አይሸጥም ብያለሁ። አባት ጃጅቷል ከተባለ ግን ማን ይጠይቀዋል? እናትና ልጅ መክረውብኛል አልኩ።

ፈራ እንዳትለኝ ሄጄ ሰጠሁ። ስመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን ጠየቁህ?»

«ቀኑን፣ ወሩን። ቃላት ነግረውኝ ቆይተው መልስ አሉኝ።»

«ምን ምን ቃላት?»

«ፈረስ፣ ቁልፍ፣ ገብስ» አልኳት በኩራት። እሷም «ፈረስ፣ ቁልፍ…» እያለች ወደ ጓዳ ገባች። ልታጣራብኝ ነው!

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጎመን በጎመን ሆነ። ምሳ ጎመን፣ እራት ጎመን ከካሮት ጋር። ጠዋት ደግሞ ዓይኔን ሳልገልጥ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ሳወጣ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ፤ ፈተና ከሩቅ ይሸተኛል። «ሐሙስ!» ብዬ እጮህባታለሁ። እሷ ግን «ተባረክ» ብላኝ ትሄዳለች። እንዲያውም ያ ነበር የባሰ የሚያናድደኝ።

በዚህ ላይ በስሜ «በዜ» ማለቷ ቀርቶ «አንተ ሰው» ሆኛለሁ። ንቀት ካልሆነ ምን ይባላል? ከእራት በፊት አብረን ስንጸልይ የምትመራው እሷ ናት፤ ልጆቻችንን ከትልቅ እስከ ትንሽ በስም እየጠራች ለጌታ አሳልፋ ትሰጥ ነበር። አሁን «ልጆቻችንን ሁሉ» ብላ ታልፋለች። ከእኔ የደበቁት ነገር ከሌለ የባይሳን ስም ፊቴ ላይ መጥራት ለምን ትሸሻለች?

ሲብስብኝ ኢፍቱ ዘንድ ሄድኩ። «የደሜን ውጤት ስጪኝ፣ ለባለቤቴ ላሳያት» አልኳት።

«ጋሼ፣ የአንድ ሰው ደም ብቻውን ይጃጃል አይጃጅም አይልም» አለችኝ። «የብዙ ሰው ተደምሮ ነው የሚጠናው። ጎመንም ዋስትና አይሆንም። ይልቅ ቤት ውስጥ ስም የሚጠፋው፣ ቀን የሚምታታበት ሰው ካለ ሐኪም ይየው።»

እኔ ቀን አልተምታታብኝ፣ ስም አልጠፋኝ! ባጃጅ ይዤ እንዳሸነፈ ሰው ቤቴ ገባሁ።

ለጸሎት ስንቀመጥ «ዛሬ ልጆቹን በስማቸው ጥሪ!» አልኳት። «ከባይሳ ጋር የመከርሽብኝን አውቃለሁ!»

ደነገጠች። «ባይሳ» አለች። «ሄለን።» ከዚያ ቆመች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ያቺ… ትንሿ… የምትደውለው።»

ፈናን ናት። በየቀኑ የምትደውልላት የመጨረሻ ልጇ።

ቁጣዬ ጠፋ። «ትርፌ፣ ጎመኑ…»

«ለእኔ ነው» አለች። «አንተ የራስህን ሳህን እንጂ የእኔን መቼ አይተህ ታውቃለህ? ደም ስጥ ያልኩህም ጥያቄውን ከአንተ ሰምቼ ልለማመድ ብዬ ነው። ለባይሳ እንዳትነግረው፣ በሞትኩት። ይወስደኛል። ሳልጠይቅ መንገዱን የማውቀው እዚህ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።»

አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስጠረጥራት እሷ ብቻዋን ስትፈራ ኖራለች። «ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን» አልኳት። «ቤቱን ማንም አይሸጠውም።»

ተንበረከክን። እጇን ያዝኩና «ፈናን» አልኳት። «ፈናን» ብላ ጸሎቷን ቀጠለች። «ደግሞ ባለቤቴን ጠብቅልኝ፣ ጌታ ሆይ…» አለች። ዓይኗን እንደጨፈነች ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ምን እንደምትጠብቅ ቶሎ አልገባኝም ነበር።

«በዜ» አልኳት።